ባለሦስት እግር ሞተር ብስክሌት፡- ለረጅም ጉዞ ወይስ ለስፖርት?

ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ሲባል በአገራችን ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው በየከተማው ሕዝብ የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ግን ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመለት ባለሦስት እግር ሞተር ብስክሌት ራሱን የቻለ የተሽከርካሪ ዘርፍ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። አምራቾች እነዚህን ተሽከርካሪዎች በዋነኛነት በሁለት መደብ ከፍለው ለገበያ ያቀርባሉ። አንደኛው ለረጅም ጉዞ የሚዘጋጀው "ቱሪንግ" ሲሆን፣ ሁለተኛው ለፈጣንና ቀልጣፋ አነዳድ የሚዘጋጀው "ስፖርት" ነው።

ምርጫው ሲታይ የፍጥነት ጉዳይ ይመስላል። በተግባር ሲመረመር ግን ሁለቱ ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሞተር የተገጠመላቸው ሆነው ይገኛሉ። ልዩነታቸው ያለው ተሽከርካሪው ስንት ሰው፣ ምን ያህል ጭነትና ለምን ያህል ርቀት ይዞ እንዲሄድ ታስቦ ተሠራ በሚለው ላይ ነው። ይህ ጥያቄ በቅድሚያ ሳይመለስ የሚፈጸም ግዥ ገንዘብን ከማባከን አልፎ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

የዘርፉ አመጣጥ

ባለሦስት እግር ሞተር ብስክሌት መጀመሪያ የሥራ መሣሪያ እንጂ የመዝናኛ ዕቃ አልነበረም። የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ ከ1932 እስከ 1973 ያመረተው "ሰርቪ ካር" የተባለ ተሽከርካሪ በጋራዦችና በዕቃ አድራሾች ዘንድ አገልግሎት ሰጥቷል፤ የከተማ ፖሊሶችም የመኪና ማቆሚያ ቦታዎችን ለመቆጣጠር በሰፊው ተጠቅመውበታል። በጣሊያን ደግሞ የቬስፓ ስኩተር ንድፍ አውጪ የነበሩት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የነደፉት "አፔ" የተባለው የጭነት ባለሦስት እግር እ.ኤ.አ በ1948 ለገበያ ቀርቧል። በአገራችን ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ሁሉ የሚጠሩበት "ባጃጅ" የሚለው ስም የሕንዱ አምራች ኩባንያ መጠሪያ ሲሆን፣ ይህ ኩባንያም ባለሦስት እግር ማምረት የጀመረው ከጣሊያኑ ፒያጆ ባገኘው ፈቃድ ነበር።

ዘርፉ በርካታ አዳዲስ ሞዴሎች ያገኘው እ.ኤ.አ ከ2006 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ፒያጆ ሁለት የፊት ጎማ ያለውንና በኩርባ ላይ የሚያዘነብለውን "ኤም ፒ 3" ስኩተር አስተዋወቀ። በተከታዩ ዓመት በካናዳ ኩቤክ ግዛት፣ ቫልኩር ከተማ መቀመጫውን ያደረገው ቢ አር ፒ ኩባንያ በካን አም ስያሜ "ስፓይደር" የተባለውን ሞዴል ይፋ አደረገ። ሃርሊ ዴቪድሰንም ሁለት የኋላ ጎማ ያለውን "ትራይ ግላይድ" በ2009 ሞዴሉ አቀረበ።

አንድ ሞተር፣ ሁለት ዓላማ

በቱሪንግና በስፖርት መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ስፓይደር ጥሩ ማሳያ ነው። ተሽከርካሪው ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ ያለው ሲሆን፣ የሞተሩ ኃይል የሚተላለፈው ወደ ኋላው ጎማ ነው። ኩባንያው ለረጅም ጉዞ "አር ቲ" የተባለውን ሞዴል በ2010፣ ወደ ስፖርት የሚያደላውን "ኤፍ 3" ደግሞ በ2015 አቅርቧል። ኤፍ 3 ከቀረበበት ጊዜ ወዲህ ሁለቱም የተሠሩት 1 ሺህ 330 ሲሲ በሆነና 115 የፈረስ ጉልበት በሚያመነጭ ባለሦስት ሲሊንደር ሞተር ነው። በሞተር ረገድ አንዱ ከሌላው አይበልጥም ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከመቀመጫው ነው። በአር ቲ ሞዴል ነጂው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው መደገፊያ አለው፤ የንፋስ መከላከያው መስታወት በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ይላል። ከ2020 ወዲህ የቀረበው አር ቲ በአጠቃላይ እስከ 177 ሊትር የሚደርስ የዕቃ መያዣ ቦታ አለው። በመሠረታዊው ኤፍ 3 ላይ ግን ነጂው ዝቅ ብሎ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚቀመጥ ሲሆን፣ የእግር ማሳረፊያውን እንደ ቁመቱ ማስተካከል ይችላል። የዕቃ መያዣው ቦታ ከፊት ለፊት ያለችው ከ25 ሊትር የማትበልጥ ሳጥን ናት። ክብደቱም በአሥር ኪሎ ግራሞች የሚቆጠር ቅናሽ ስላለው ለመሪ ፈጥኖ ይታዘዛል።

የጃፓኑ ያማሃ ያቀረባቸው ሞዴሎችም ተመሳሳይ ሁኔታን ያሳያሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2018 ለገበያ ያቀረበው "ናይከን" እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል፣ ሁለት የፊት ጎማ ያለው የስፖርት ሞዴል ነው። ይህንኑ ተሽከርካሪ ወደ ጉዞ ሞዴል ለመለወጥና "ናይከን ጂ ቲ" ለማለት ያስፈለገው ከፍ ያለ የንፋስ መከላከያ፣ ምቹ መቀመጫ፣ የሚሞቅ የመሪ እጀታና እያንዳንዳቸው 25 ሊትር የሚይዙ ሁለት የጎን ሻንጣዎች መጨመር ነው። ሞተሩ አልተለወጠም።

ሦስተኛው ጎማ የሚሰጠውና የሚነሳው

ብዙ ገዥዎች ባለሦስት እግርን የሚመርጡት "አይወድቅም" በሚል እምነት ነው። እምነቱ በከፊል ትክክል ነው። ተሽከርካሪው ሲቆም ነጂው እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ አያስፈልገውም። በእድሜ ወይም በጉልበት ሕመም ምክንያት ከባድ ሞተር ብስክሌትን ደግፎ ማቆም ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አሸዋና እርጥበት ባለበት መንገድም ከሁለት እግር ይልቅ ተደላድሎ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ እንደ ስፓይደርና ትራይ ግላይድ ያሉት ሞዴሎች በኩርባ ላይ አያዘነብሉም። ባለሁለት እግር ሞተር ብስክሌት ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል የሚቋቋመው በማዘንበል ሲሆን፣ የማያዘነብለው ባለሦስት እግር ግን እንደ መኪና በጎማዎቹ ስፋት ብቻ መቋቋም ይኖርበታል። ይህ ኃይል ደግሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። በአንድ ኩርባ ላይ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

የጭነት አቀማመጥ ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ላለመገልበጥ ያለው አቅም የሚጨምረው ክብደቱ ዝቅ ሲልና ወደ ሁለቱ ጎማዎች ሲጠጋ ነው። ክብደቱ ከፍ ሲል ወይም ወደ ነጠላው ጎማ ሲጠጋ አቅሙ ይቀንሳል። እንደ ስፓይደር ከፊት ሁለት ጎማ ባለው ተሽከርካሪ ላይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰውና በኋላ ሳጥን የሚጫን ዕቃ ክብደቱን ወደ ነጠላው ጎማ ይስባሉ። ስለዚህ ለብቻ ሲነዳ በሰላም የታለፈ ኩርባ፣ ሰውና ሻንጣ ተጭኖ በዚያው ፍጥነት ሲገባበት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስፓይደር ከቦሽ ኩባንያ ጋር በመተባበር የተሠራ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ የተገጠመለትም በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው ጎማ ከመሬት ሊነሳ ሲል የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ፍሬን ይይዛል። ለነጂው ስህተት የሚሰጠው ፋታ ግን ገደብ አለው።

የአነዳድ ልማድም ይለወጣል። በስፓይደር ላይ ሦስቱንም ጎማዎች የሚያቆመው አንድ የእግር ፍሬን ነው። ለዓመታት በእጅ ፍሬን የለመደ ሞተረኛ በድንገተኛ ሁኔታ እጁ የሌለ ፍሬን ሊፈልግ ይችላል። ከሁለት እግር የሚመጣ ነጂ ልምዱን እንዳለ ይዞ መነሳት የሌለበት ለዚህ ነው።

ምርጫው በምን ይመዘን?

ከላይ ከተጠቀሱት ነጥቦች በመነሳት ምርጫውን በአራት ጥያቄዎች ማጥበብ ይቻላል።

የመጀመሪያው የጉዞው ርቀት ነው። በአንድ ቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው የንፋስ መከላከያና ቀጥ ያለ አቀማመጥ ቅንጦት አይደሉም። በንፋስ የተመታ አካል ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ ነጂ ደግሞ ውሳኔው ይዘገያል። ጉዞው አጭርና ጠመዝማዛ በሆነ መንገድ ላይ ከሆነ ግን የቱሪንግ ሞዴል ተጨማሪ ክብደት ያለ ጥቅም የሚጎተት ሸክም ነው።

ሁለተኛው የተሳፋሪ ጉዳይ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ለሚጓዙ መደገፊያ ያለው መቀመጫ ሊታለፍ አይገባም። በስፖርት ሞዴል ላይ የሚጫን ሁለተኛ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ጠባብ መቀመጫ ሲሆን፣ ነጂው ለመጨበጥ ሲገደድም የአነዳዱን ሚዛን ያውካል።

ሦስተኛው የመንገዱ ሁኔታ ነው። ባለሁለት እግር አንድ መስመር ብቻ ስለሚከተል ጉድጓድን በቀላሉ ይሸሻል። ባለሦስት እግር ግን ሦስት መስመር ይከተላል፤ ሁለቱ ጎማዎች ጉድጓዱን በመካከላቸው ቢያሳልፉት ነጠላው ጎማ ይገባበታል። የስፓይደር ወርድ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚጠጋም በተሽከርካሪዎች መካከል ሾልኮ ማለፍ አይቻልም።

አራተኛው የነጂው አካል ነው። እግርን ወደ ፊት መዘርጋት ለአንዱ እረፍት ሲሆን ለሌላው የወገብ ሕመም ምክንያት ይሆናል። በመሆኑም ተሽከርካሪውን ከመግዛት በፊት ሊጫን በታሰበው ሰውና ዕቃ ልክ አስጭኖ መሞከር ተመራጭ ነው። ባዶውን የተሞከረ ተሽከርካሪ የባዶውን ጠባይ ብቻ ያሳያል።

አምስት ሚሊ ሜትር የሚለውጠው መንጃ ፈቃድ

ሕግ አውጪዎችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይገናኛሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከ460 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ እንደ አንድ ጎማ ይቆጠራሉ። የናይከን የፊት ጎማዎች ርቀት 410 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ ሦስት ጎማ እያለው በሕግ ፊት ባለሁለት እግር ነው፤ የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድም ይጠይቃል። ፒያጆ ደግሞ የኤም ፒ 3ን የፊት ጎማዎች ወደ 465 ሚሊ ሜትር ያሰፋበትን "ኤል ቲ" የተባለ ሞዴል አቅርቧል። ከገደቡ በአምስት ሚሊ ሜትር ብቻ በማለፉ በሕግ ባለሦስት እግር ሆኗል፤ ፈረንሳይን በመሳሰሉ አገሮችም በመኪና መንጃ ፈቃድ ሊነዳ ችሏል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ በመኪና መንጃ ፈቃድ ለሚነዱ የ7 ሰዓት ሥልጠና ግዴታ ያደረገችው የምደባው ለውጥ የነጂውን ችሎታ ስለማይለውጥ ነው።

ከባጃጅ ጋር ያለው ዝምድና

ይህ ሁሉ ለአገራችን የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ባጃጅ ነጠላ ጎማው ከፊት በመሆኑ የክብደት ሕጉ ከስፓይደር ጋር የተገላቢጦሽ ነው። ተሳፋሪዎች ከኋላ ሁለቱ ጎማዎች ላይ ሲቀመጡ ተሽከርካሪውን ያደላድሉታል። ከሾፌሩ ጎን የሚደረበው ትርፍ ሰው ግን ክብደቱን ወደ ነጠላው ጎማ ያመጣል፤ ኩርባ ላይ ፍሬን ሲያዝም ሸክሙ ሁሉ ወደዚያው ያዘነብላል። በጣሪያ ላይ የሚጫን ዕቃ ደግሞ ክብደቱን ከፍ ያደርጋል። ትርፍ ሰው መጫን የሚከለከለው የወንበር ቁጥር ስለሚያልፍ ብቻ ሳይሆን የት እንደተጫነም ለአደጋ ስለሚዳርግ መሆኑን ለሾፌሮች ማስረዳት ቁጥጥሩን ያግዛል።

በግዥ ረገድም ትምህርቱ ተመሳሳይ ነው። ባለሦስት እግር ለጭነት፣ ለመልእክት ወይም ለሰው ማጓጓዣ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በዝርዝር መግለጫው ላይ የሞተሩን ጉልበት ብቻ ቢያሰፍር ከአንድ ሞተር ሁለት የማይመሳሰሉ ተሽከርካሪዎች ሊቀርቡለት ይችላሉ። የጭነቱን መጠንና የሚቀመጥበትን ቦታ፣ የሰዉን ቁጥር፣ የዕለት ርቀቱንና የመንገዱን ዓይነት አስቀድሞ መዘርዘር ይገባል። ተሽከርካሪው ለተሠራበት ሥራ ሲውል ያገለግላል፤ ላልተሠራበት ሲውል ግን ሦስት ጎማ መኖሩ ብቻ ከመገልበጥ አያድነውም።