ለጠባብ ክፍል ስንት ዋት ይበቃል?

ሻጩ «ይሄ 500 ዋት ነው!» ቢላችሁ አትደነቁ። መጀመሪያ ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ እዩ። 87 ከሆነ 8 ዋት 96 ዴሲቤል ይሰጣችኋል፤ ዋቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 3 ዴሲቤል ይጨመራላ። ይሄ ደግሞ ለ3 በ4 ሜትር ክፍል ጎረቤት ያስነሳል! ለድንገተኛ የከበሮ ምት መጠባበቂያ ጨምራችሁ፣ በእኔ ግምት እውነተኛ 30 ዋት ይበቃችኋል።

ዋናው ጣጣ ቤዙ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 3 ሜትር በሚራራቁ ግድግዳዎች መካከል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ያጓራል። ትልቅ ስፒከር ጥግ ላይ ከተቀመጠማ ይብስበታል። ትንሹን ምረጡ፣ ከጥግም አርቁት።

የአምፕሊፋየሩን ጀርባም አንብቡ፦ ከ8 ኦም በታች አይቻልም ካለ፣ 4 ኦም ስፒከር ብዙ ከረንት እየሳበ ያግለዋል።