ሕሙሙ ከሆስፒታል ሲወጣ የት ይኑር? የእንክብካቤ ቤቶች የቦታ መረጣና የግዥ ውሳኔ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ

መግቢያ

የአእምሮ ሕመም ሕክምና በሆስፒታል በር ላይ አያበቃም። መድኃኒት ተሰጥቶት፣ እንቅልፉ ተስተካክሎ፣ ንግግሩ ረግቶ የሚሰናበት ሕሙም የሚያድርበት ቤት ከሌለው የተደረገለት ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውሰው ሰው፣ ከመድኃኒቱ ጋር የሚቀምሰው ምግብ የሌለው ሰው ሕመሙ ቢያገረሽበት ጥፋቱን ለመድኃኒቱ ወይም ለሕሙሙ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም።

ይህ ጉዳይ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጎልቶ ይታያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውና ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የቆየው አማኑኤል ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ መንገደኞች ለረጅም ዘመን ሲወርዱበት የኖረው አውቶቡስ ተራም በዚያው አካባቢ ነው። በመሆኑም ከሩቅ አገር ለሕክምና የመጣና አስታማሚ የሌለው ሰው ከሆስፒታሉ ሲወጣ በቅርብ የሚያገኘው የገበያውን በረንዳ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለማሳየት አንድ ጥናት መጥቀስ ይበቃል። አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 ሰዎች ላይ አካሂደው በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ከተጠኑት ውስጥ 41 በመቶ የሚሆኑት የሳይኮሲስ ሕመም የነበረባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በሕይወታቸው ለሕመማቸው ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። 60 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ለጉዳት በሚያጋልጥ ደረጃ የአልኮል መጠጥ ይጠጡ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሕክምና ቢያገኙም እንኳ ተመልሰው የሚያድሩት ጎዳና ላይ ከሆነ ሕክምናው ዘላቂ ውጤት ሊኖረው አይችልም።

የእንክብካቤ ቤት ምንነት

የእንክብካቤ ቤት ሲባል ሆስፒታል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰዎች በአንድ አጥር ውስጥ የሚሰበሰቡበት መጠለያም አይደለም። ጥቂት ሰዎች እንደ ቤተሰብ አብረው የሚኖሩበት፣ የሚያግዛቸው ተንከባካቢ ያለበት፣ ለሕክምና በአካባቢው ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት፣ የቀረውን ኑሮአቸውን ግን እንደማንኛውም ነዋሪ በሠፈር ውስጥ የሚገፉበት መኖሪያ ቤት ነው። ነዋሪዎቹ ከሆስፒታል የተሰናበቱ የአእምሮ ሕሙማን፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 19 አካል ጉዳተኞች፣ የቆየ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ጨምሮ፣ እንደ ሌሎች ሰዎች ሁሉ በኅብረተሰቡ መካከል የመኖርና የሚኖሩበትን ቦታ የመምረጥ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ቤቱ የት ይቁም የሚለው ጥያቄ የመሬትና የበጀት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የመብትና የሕክምና ጥያቄም ነው።

የአካባቢው ገጽታ

መርካቶ ጣሊያኖች ነባሩን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወሩበት ጊዜ የተቆረቆረ ሰፊ ገበያ ነው። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በ1995 ዓ.ም. ከተቋቋሙት 10 ክፍለ ከተሞች በስፋት ትንሹ ሲሆን የቆዳ ስፋቱ 7.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ከአገሪቱ ትልቁ ገበያና እጅግ የተጨናነቁ የመኖሪያ ሠፈሮች ተደራርበው ይገኛሉ።

ከቤት ይዞታ አንጻር አካባቢውን ለመረዳት ወደ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ብዙዎቹ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ጠባብ፣ መጸዳጃ ቤታቸው ለብዙ አባወራዎች የጋራ የሆነ ቤቶች ናቸው። ይሁን እንጂ በመሐል ከተማ የሚገኙና ባለቤታቸው የመንግሥት አስተዳደር የሆኑ ቤቶች በመሆናቸው ለቦታ መረጣ የሚሰጡት ዕድል ቀላል አይደለም።

ቤትና ቦታ የሚገኝባቸው መንገዶች

በሌሎች አገሮች የአካባቢ አስተዳደር ለእንክብካቤ ቤት የሚሆን መሬትና ቤት በገበያ ዋጋ ይገዛል። በኢትዮጵያ ግን በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ምርጫዎቹ የተለዩ ናቸው።

የመጀመሪያው የሊዝ ጨረታ ነው። ይህ መንገድ በመርካቶ ለበጎ አድራጎት ሥራ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። በ2007 ዓ.ም. በመርካቶ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ዋጋ የቀረበበት ጨረታ እንደነበረ ይታወቃል። በዚያ ዋጋ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ለመያዝ ከ150 ሚሊዮን ብር በላይ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ገና አንድ ድንጋይ ሳይቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ምደባ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በካቢኔ ውሳኔ ያለ ጨረታ ቦታ ሊሰጥባቸው ይችላል ካላቸው ጉዳዮች መካከል በመንግሥት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚገነቡ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ይገኙበታል። የምደባ ችግር ግን ባዶ ቦታ መጠየቁ ነው። ባዶ ቦታ ያለው ከተማ ዳር ስለሆነ ውሳኔ ሰጪው አካል ሳያስበው ነዋሪዎቹን ከመሐል ከተማ ያርቃቸዋል።

ሦስተኛው በአስተዳደሩ እጅ ያለን የመንግሥት ቤት አድሶ መጠቀም ነው። ዋጋው አነስተኛ፣ ቦታውም በሠፈር መካከል ነው። ሆኖም አንድ ሥጋት አለበት። አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሲፈለግ ቤቱ ይፈርሳል፤ የመሐል ከተማ ነዋሪዎችም ዳር ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲዛወሩ ታይቷል። ጤነኛ ሰው ከለመደው ሠፈር ሲነሣ ይቸገራል፤ የአእምሮ ሕሙም ደግሞ ከሠፈሩ ጋር ሕክምናውን፣ የሚያውቀውን ነርስና የሚጠይቁትን ዘመዶች አብሮ ያጣል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ቤቱ ቢፈርስ ምትኩ በዚያው ክፍለ ከተማ እንዲሰጥ አስቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል።

አራተኛው አስተዳደሩ ቤት ሳይሠራ አገልግሎቱን ከሌላ ድርጅት እንዲገዛ ማድረግ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የብሔራዊ ጤና አገልግሎትና የማኅበረሰብ እንክብካቤ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች የእያንዳንዱን ሰው ፍላጎት መዝነው እንክብካቤውን ከግልና ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች እንዲገዙ አድርጓል። የዚህ አሠራር ጥቅም ተረጂው ከቦታ ጋር ሳይሆን ከፍላጎቱ ጋር እንዲመዘን ማድረጉ ነው። አደጋው ደግሞ እንደማንኛውም የመንግሥት ግዥ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው እንዲያሸንፍ ከተደረገ ነው። በወንበርና በወረቀት ግዥ ዝቅተኛ ዋጋ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። በእንክብካቤ ግዥ ግን ዝቅተኛ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የሌሊት ተንከባካቢ በመቀነስ፣ ወጥ በማቅጠንና አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አልጋ በመደርደር ነው። በመሆኑም በጨረታ ሰነዱ ውስጥ የተንከባካቢ ቁጥር፣ የአልጋ ርቀትና የምግብ ዓይነት ዝቅተኛ መመዘኛ ሆነው ካልሰፈሩ ዋጋ ማወዳደር ትርጉም አይኖረውም።

መሐል ከተማ ወይስ ከተማ ዳር?

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ልዩ ልዩ ልምዶች አሏት። ከከተማዋ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ የሚገኘው የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ለረጅም ጊዜ ለሚቆዩ ሕሙማን ያገለገለ ተቋም ነው። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ አነሣሽነት በቤተሰብ መኖሪያ ግቢ የተጀመረው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ደግሞ ቦታ ተሰጥቶት በምሥራቁ የከተማዋ ጫፍ በአያት ተስፋፍቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይረዳል። በአንጻሩ የእናት ቴሬዛ እኅቶች ለድሆች ሕሙማን ያቋቋሙት ቤት የሚገኘው በመሐል ከተማ በስድስት ኪሎ ነው።

ከተማ ዳር ሰፊ ግቢ፣ ንጹሕ አየርና የአትክልት ቦታ ይገኛል። ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከጎዳና ለማንሣትም ሰፊ ቦታ ግድ ይላል፤ በዚህ ረገድ የትልልቅ ማዕከላት አስተዋጽኦ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ተረጂ አንድ ዓይነት አይደለም። ሕመሙ የተረጋጋለትና መሥራት የሚችል ሰው መርካቶ አቅራቢያ ቢኖር ዕቃ በመጠቅለል፣ በመደርደር፣ ሱቅ በመጠበቅ የዕለት ገቢ ሊያገኝ ይችላል። ዘመዱ ከገበያ ሲመለስ ጎራ ብሎ ይጠይቀዋል። ሙስሊሙ ወደ አንዋር መስጊድ፣ ክርስቲያኑ ወደ ራጉኤል ወይም ወደ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ይደርሳል። በየወሩ መድኃኒት ለመውሰድም የትራንስፖርት ገንዘብና ሸኚ አይፈልግም። ለዚህ ዓይነቱ ሰው ርቀት ራሱ የሕመም ማገርሻ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የጎረቤት ሥጋት

የእንክብካቤ ቤት በሠፈር ውስጥ ሊከፈት ነው ሲባል ተቃውሞ መነሣቱ በሁሉም አገር ያለ ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ የምትገኘው የክሊበርን ከተማ አስተዳደር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው 13 ሰዎች ሊከፈት ለታሰበ ቤት ልዩ ፈቃድ ጠይቆ ነበር፤ ከዚያም ፈቃዱን ከለከለ። ከምክንያቶቹም መካከል የጎረቤቶች ፍርሃትና በአቅራቢያው ትምህርት ቤት መኖሩ ይገኙበት ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 በሰጠው ውሳኔ ክልከላው መሠረት በሌለው ጥላቻ ላይ የቆመ ነው በማለት ሽሮታል።

በመርካቶ አካባቢ ግን ከፍርድ ቤት በፊት እድር አለ። የሠፈሩ ሰው ለቅሶና ችግር የሚካፈልበት እድር ቤቱን እንደ አንድ አባወራ ቢቀበል፣ የቤቱም ነዋሪዎች ለቅሶ ቢደርሱና መዋጮ ቢከፍሉ ፍርሃቱ በጊዜ ብዛት ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ግን የእድሩ ዳኛና የሠፈሩ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ቦታው ከመወሰኑ በፊት ከሰሙ ነው። ውሳኔው ካለቀ በኋላ ለማሳወቅ ብቻ የሚጠራ ስብሰባ ተቃውሞን ያባብሳል። ስለ ሕመሙ ለሚነሡ ጥያቄዎች ከካቢኔ አባል ይልቅ በአካባቢው የሚታወቁ የጤና ባለሙያ ቢመልሱ ተሰሚነታቸው ይበልጣል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ብዙ ጊዜ የጤና ባለሙያ የሚጠየቀው ቤቱ ከተሠራ በኋላ አልጋና መድኃኒት እንዲያሟላ ነው። በዚያን ጊዜ ጠባቡን ደረጃ ማስፋት፣ መስኮት የሌለውን ግድግዳ መክፈት አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያው ቦታው ከመመረጡ በፊት በኮሚቴው ውስጥ መገኘትና የሚከተሉትን መመርመር ይኖርበታል።

አንደኛ፣ የእሳት አደጋ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ከባድ ውድመት ሲያደርስ የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎችን እንቅስቃሴ አስቸግሮ ነበር። መኪና የማይገባበት መንደር ውስጥ በእግራቸው ማምለጥ የማይችሉ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ማኖር አይገባም። ቤቱ ሁለት መውጫዎች ሊኖሩት ይገባል።

ሁለተኛ፣ የአየር ዝውውር። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንድ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙም ቢገኝ ሌሎቹ ለበሽታው ይጋለጣሉ። እያንዳንዱ መኝታ ክፍል ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት እንዳለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገቡ ሰዎችም ምርመራ እንደሚደረግላቸው መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛ፣ ውሃና መጸዳጃ። የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥባቸው ቀናት የሚያገለግል ማጠራቀሚያ፣ እንዲሁም በሌሊት ግቢ ሳይሻገሩ የሚደረስበት መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል። የአረጋውያን የሌሊት ውድቀትና የዳሌ ስብራት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አራተኛ፣ ጫጫታና ሱስ። ከመጠጥ ቤትና ከጫት መሸጫ አጠገብ፣ ወይም ሌሊት ጭነት ከሚራገፍበት ተራ ላይ የሚቆም ቤት የእንቅልፍ መዛባት ሕመሙን ለሚቀሰቅስበት ሰው አይስማማም። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንኳ በገበያው መሐልና በመኖሪያ መንደሩ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

አምስተኛ፣ ክትትል። በ2002 ዓ.ም. በከተሞች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ቤት ለቤት እንዲዞሩ አድርጓል። የእንክብካቤ ቤቱ በእነርሱ መዝገብ ውስጥ እንደ አንድ ቤተሰብ ቢመዘገብ መድኃኒት ያቋረጠው ሰው በሳምንቱ ይታወቃል። ቤቱን የሚቆጣጠረውም አካል ገንዘቡን ከሚከፍለው ቢለይ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ለእንክብካቤ ቤት የሚሆን ቦታ ሲወሰን ቅድሚያ የሚታየው ብዙ ጊዜ የመሬቱ ዋጋና የሕንፃው ወጪ ነው። ሕሙሙ በየጊዜው ወደ ሆስፒታል ሲመላለስ የሚወጣው ወጪ ግን በሌላ መሥሪያ ቤት በጀት ውስጥ ስለሚገኝ በዚያ ሰነድ ላይ አይታይም። ያንን የተሰወረ ወጪ ለውሳኔ ሰጪዎች ማሳየት የሚችለው የጤና ባለሙያው ነው። ከሆስፒታል የሚሰናበቱ ሰዎች የት እንዳደሩ፣ ስንቶቹ በስንት ወር ውስጥ ተመልሰው እንደተኙ በየጤና ተቋሙ ቢመዘገብ ለካቢኔው ከማንኛውም አቤቱታ የበለጠ ማስረጃ ይሆናል። ለዚህም የሚያስፈልገው በመሰናበቻ ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ እርሱም «ታካሚው ዛሬ ማታ የሚያድሩት የት ነው?» የሚል ይሆናል።