ጉብታው ለምን ወጣ?

ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ውስጥ ካለ የስልክ ሱቅ ርካሽ ስልክ አንስቶ ጀርባውን ያገላበጠ ሰው፣ ሦስት ክብ መስታወትና «50 ሜጋፒክሰል» የሚል ጽሑፍ ማየቱ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ የረባ ሥራ የሚሠራው አንዱ ነው። ሁለተኛው «ማክሮ» ወይም «ዴፕዝ» የተባለ የ2 ሜጋፒክሰል ካሜራ ይሆናል፤ ሦስተኛው አንዳንዴ ካሜራም አይደለም፣ የፍላሽ መብራት ነው። አምራቹ ሒሳቡን ያውቃል። ትንሿን ካሜራ መጨመር እጅግ ርካሽ ነው፣ ገዢው ግን ይቆጥራታል። ትልቅ ሴንሰር በአንጻሩ ውድ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ግን ዓይን አይገባም። ርካሽ ስልክ ላይ የሚጎድለው እንግዲህ ማንም የማይቆጥረው ነገር ነው፤ ስለዚህ ካሜራን በሜጋፒክሰልና በሌንስ ብዛት መምረጥ ገንዘብን ያለቦታው ማዋል ነው እላለሁ።

ሴንሰር ብርሃን የሚያርፍበት የሲሊኮን ቁራጭ ነው። ብርሃን ሲበዛለት ፎቶው ይጠራል፤ ሲያንሰው ጥቁሩ ቦታ ላይ አሸዋ የተበተነበት የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል። የሴንሰሩ ጎኖች በእጥፍ ቢያድጉ ስፋቱ 4 እጥፍ ይሆናል፤ የሌንሱም ቀዳዳ አብሮ ካደገ የሚሰበሰበው ብርሃን እንዲሁ 4 እጥፍ ነው። ዕዳው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚታየው ስፋት ሳይቀየር እንዲቆይ ሌንሱ ከሴንሰሩ የሚርቅበት ርቀትም በእጥፍ መጨመር አለበት። ያ ርቀት የሚገኘው ከስልኩ ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኖኪያ 808 ለዘመኑ ስልክ እጅግ ትልቅ ሴንሰር ይዞ 41 ሜጋፒክሰል ሲያስመዘግብ፣ ካሜራው ጋ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። ቀጭን ስልክ የለመደ ገበያ ያንን አልወደደውም። አምራቾች ኋላ መሐል መንገድ አገኙ፤ ስልኩ ቀጭን ሆኖ ይቆይና ካሜራው ብቻ ይውጣ አሉ። አይፎን 6 በ2014 ትንሽ ጉብታ ይዞ መጣ፤ በ2022 የሻዎሚ 12ኤስ አልትራ የ«1 ኢንች» ሴንሰር ሲይዝ ጉብታው የጀርባውን ትልቅ ክፍል ወሰደ። ሁዋዌ በ2019 በፒ30 ፕሮ ብርሃኑን በፕሪዝም አጥፎ በስልኩ ጎን አስተኛው። ዘዴው ብልህ ነው፣ ግን የሚጠቅመው የሩቁን ለማቅረብ ነው እንጂ ዋናውን ካሜራ ከጉብታ አላዳነውም።

«ሶፍትዌር ይሠራዋል፣ ሴንሰሩ ምን አገባው?» የሚል መከራከሪያ አለ፤ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ጉግል ከፒክስል 3 እስከ ፒክስል 5 ያንኑ ዋና ሴንሰር ይዞ ቆይቶ፣ በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎችን አንድ ላይ በማዋሐድ የሌሊቱን ምስል እጅግ አሻሽሎታል። ነገር ግን ማዋሐድ በደንብ የሚሠራው ፊት ለፊት ያለው ሰው ከቆመ ነው። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ትጠልቃለች፤ ሠርጉም እራቱም በአምፖል ብርሃን ነው። እስክስታ የሚመታን ትከሻ ቁም ማለት አይቻልም፤ በአንዲት ቅጽበት የገባው ብርሃን ካነሰ ምስሉ ይደበዝዛል። ደግሞም ሶፍትዌሩ ፈጣን ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ገንዘብ ነው።

ሶፍትዌር በርካሹም ቢሆን ለውጥ ያመጣበትን ቦታ ግን መካድ አይገባም። አውቶማቲክ ካሜራ ለረጅም ዘመን ጠይም ፊትን አጨልሞ ወይም ቀለሙን አዛብቶ ሲያነሳ ኖሯል። የቴክኖ ስልኮችን የሚያመርተው ትራንሽን፣ ከ2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ስልክ የሚገጣጥመው ኩባንያ፣ የአፍሪካን ገበያ ከያዘባቸው ምክንያቶች አንዱ ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ ማስተካከሉ ነው። ጉግል ለተመሳሳይ ዓላማ «ሪል ቶን» ብሎ በይፋ የመጣው በ2021 ነው። የገዢውን መልክ ማወቅ ሚሊሜትር አይጨምርም።

የስልክን የዋጋ ወለል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሳውዝ ሲን እየታከከ የሚያልፈው የሞምባሳ መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወስድ አቲ ሪቨር ያደርሳል። ሳፋሪኮም ከአጋሮቹ ጋር ያቋቋመው መገጣጠሚያ በጥቅምት ወር 2023 በይፋ የተከፈተው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የ4ጂ ስልኮቹ ከ7,500 ሽልንግ ባነሰ ዋጋ ጀመሩ። በዚያ ገንዘብ ስክሪን፣ ባትሪ፣ ፕሮሰሰርና ማከማቻ ከተገዛ በኋላ ለካሜራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ካሜራ ደካማ ነው ብሎ መውቀስ ልክ አይመስለኝም፤ የተሠራው ለኤምፔሳና ለዋትስአፕ ነው። የሚወቀሰው በእጥፍ ዋጋ ያንኑ ትንሽ ሴንሰር አስገብቶ ዙሪያውን በክብ መስታወት የሚያስጌጠው አምራች ነው።

ያገለገለ ውድ ስልክ መግዛትስ? ኬንያ ውስጥ «ኤክስ ዩኬ» እየተባለ የሚሸጠው የዚህ ዓይነቱ ነው፤ በካሜራ ብቻ ከተመዘነ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኘው አዲስ ስልክ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ሴንሰሩ ትልቅ፣ ሌንሱም መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ነው። የሚከፈለው በሌላ በኩል ነው። ባትሪው ደክሟል፣ የደኅንነት ማሻሻያው ሊቆም ተቃርቧል ወይም ቆሟል። ፎቶ ለሚወድ ሰው ግን የአዲስ ባትሪ ሒሳብ ተደምሮበትም ሊያዋጣው ይችላል፤ ሱቁ ውስጥ ካሜራውን ከፍቶ ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ወይም ሌንሱ የሚያንጫጫ መሆን አለመሆኑን ካጣራ፣ ደብዘዝ ያለ ጥግ ላይም የሚንቀሳቀስ ሰው አንስቶ ፎቶውን ካጎላው በኋላ።