ሳይታመሙ ስለሚዋጥ ክኒን

እንደ እኔ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ዕለት ዕለት የሰውን ሕማም ሲሰማ የሚውል ባለሙያ፣ ማይግሬን የያዘውን ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ይለየዋል፤ ከመስኮቱ ብርሃን ፊቱን ያዞራል፣ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይከድናል፣ አጠገቡ ከቆመው ሰው ሽቶ ይሸሻል። የሚጠይቀኝም አንድ ነገር ነው፤ «ጠንከር ያለውን ስጠኝ»። እኔ ግን ከመድኃኒቱ ጥንካሬ አስቀድሜ ሰዓቱን እጠይቃለሁ፤ ማይግሬን በተነሣ ጊዜ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ፣ ሕመሙ ከበረታ በኋላ የተዋጠ ክኒን ወደ ደም ሳይዘልቅ በዚያው ይቈያልና። በጅማሬው የተወሰደ አይቡፕሮፌን ዘግይቶ ከተወሰደ ብርቱ መድኃኒት ይልቅ ሲረዳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በእኛ ዘንድ ከካፌይን ጋር ተቀምሞ ለማይግሬን ሲሸጥ የኖረው ኤርጎታሚን ግን ትውልዱ የሚያስፈራ ነው፤ በእህል ዛላ ላይ ከሚበቅል ጥቁር ሻጋታ ተነጥሎ የወጣው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1918 በስዊዘርላንድ ሲሆን፣ ሻጋታው ራሱ ከእህል ጋር ሲበላ የደም ሥርን አጥብቆ እጅና እግርን እስከ ማድረቅ ይደርሳል፤ የቀድሞ አውሮፓውያን የቅዱስ እንጦንስ እሳት ብለው የሰየሙት ይህ መቅሠፍት፣ በእነርሱው አቈጣጠር በ1978 በወሎ፣ በ2001 ደግሞ በአርሲ ገበሬዎች ላይ ወርዷል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ላለበት፣ ኤሪትሮማይሲን ወይም ሪቶናቪር ለሚወስድ ሰው ኤርጎታሚን አልሰጥም። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሱማትሪፕታን ጠባዩ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም የልብ ሕመምተኛ እርሱንም አይነካም።

በዐቢይ ጾም አንዲት እናት ማዘዣ ይዘው መጡ፤ ቦርሳቸውን ሲፈቱ ባዶ የፓራሲታሞልና የዲክሎፌናክ እሽጎች ባንኮኒው ላይ ተበተኑ። የታዘዘላቸውን፣ ሕመሙ ሳይነሣ የሚዋጠውን የመከላከያ ክኒን ሳሳያቸው «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ሆኜ ምን ልዋጥ ትለኛለህ?» አሉኝ። «እማማ፣ የሚያሳምምዎ አሁን ይኸው ማስታገሻ ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን ወይም ሱማትሪፕታን 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንዲህ ከ3 ወር በላይ ሲወሰድ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታትን ይወልዳልና፤ ሲቋረጥም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ስለሚብስ፣ ብዙው ሰው ወደ እሽጉ ይመለሳል።

መከላከያዎቹ አብዛኞቹ ለሌላ ደዌ የተሠሩ ናቸው። ፕሮፕራኖሎል የልብ መድኃኒት ነበር፤ ለደረት ውጋት የወሰዱት ሰዎች ራስ ምታታቸው ሲሻላቸው ጊዜ ነው ይህ ጥቅሙ የታወቀው፤ አስም ላለበት ግን አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ የድባቴ መድኃኒት ስለ ሆነ፣ ወረቀቱን ያነበበ ሰው «አብዷል አሉኝ እንዴ?» ብሎ ተቈጥቶ ይመለሳል፤ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ማታ ማታ የሚወሰድ በመሆኑ ግን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ምእመን ከእርሱ የሚመች አላየሁም። ሁለቱም ሁለት ወር ያህል ትዕግሥት ይሻሉ፤ የሕመሙ ቀን በግማሽ ከቀነሰም እንደ ፈውስ ይቈጠራል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2018 ጀምሮ ለማይግሬን ብቻ ተብለው የወጡት በየወሩ የሚወጉ መድኃኒቶች ዋጋቸው ከብዙዎቻችን ደጃፍ የራቀ ነውና አልፋቸዋለሁ።

ሌላው መከላከያ ቫልፕሮኤት ግን ልትወልድ በምትችል ሴት ስም ተጽፎ ሲመጣ፣ ጽንስን እንደሚጎዳ የታወቀ ነውና፣ ሐኪሙ ዘንድ ሳልደውል ከመደርደሪያው አላወርደውም።