«የጾም ነው» ማለት «ለአለርጂ ይሆናል» ማለት አይደለም፦ በቤታችን የምንጋግረው የፍራፍሬ ባር



ተመላላሽ ክፍል ስሠራ ከእናቶች ደጋግሜ የምሰማት አንድ ንግግር አለች፦ «ዶክተር፣ ልጄ አለርጂ ስላለበት የጾም ነገር ብቻ ነው የምሰጠው።» ከየት እንደመጣች ይገባኛል። የጾም ምግብ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም። የልጁ አለርጂ የወተት ወይም የእንቁላል ከሆነ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። ችግሩ ያለው ቀሪው ግማሽ ላይ ነው። ወተትና እንቁላል ሲወጡ በቦታቸው የሚገቡት ብዙ ጊዜ ለውዝ (ኦቾሎኒ)፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ስንዴ ናቸው። እነዚህ ደግሞ በዓለም ላይ ከታወቁት ዋና ዋና የምግብ አለርጂ አምጪዎች መካከል ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር ሳይገባበት ቤት ውስጥ የሚጋገር የፍራፍሬ ባር። ሁለተኛ፣ ያው ባር ለአለርጂ ሰው በእርግጥ አስተማማኝ እንዲሆን ማወቅ ያለብን ነገር።

አለርጂ ምንድን ነው?

አለርጂ ማለት የሰውነታችን መከላከያ ምንም የማይጎዳን የምግብ ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትበት ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ላይ ትንሽ ፍርፋሪ እንኳን የሚበቃው። ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋውና የሚያስቀምጠው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ሌላ ነው፤ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር መፍጨት አቅቶት ነው። እሱ ይረብሻል እንጂ ትንፋሽ አያሳጥርም። ስንዴ ላይ ደግሞ ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለ፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን ቀስ በቀስ የሚጎዳበት። ሦስቱም «አለርጂ» እየተባሉ ይጠራሉ፣ ጥንቃቄያቸው ግን ይለያያል። የናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ምግብ መከልከል አትጀምሩ።

«የጾም» እና «ቪጋን»

ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ማር በጾም ይበላል፣ ቪጋን የሆነ ሰው ግን ማር አይበላም። በጾም ዓሣ የሚበላም አለ፤ ዓሣ ራሱ አለርጂ ከሚያመጡት አንዱ ነው። ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ «ቪጋን» የሚል ማሸጊያ ስታዩ አትዘናጉ። ቃሉ የሚነግራችሁ አምራቹ የእንስሳት ተዋጽኦ ሆን ብሎ እንዳልጨመረ ነው፤ ወተት በሚነካ ማሽን ላይ የተሠራ ጥቁር ቸኮሌት ቪጋን ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሕግ መሠረት ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛው በግልጽ መጻፍ ያለበት አለርጂ አምጪ ሆኗል። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ዳቦ አምራቾች ድሮ ባልነበረበት ምርት ላይ ሰሊጥ ጨምረው መጻፍ ጀምረዋል። ስለዚህ የለመዳችሁትን ዕቃ እንኳን በገዛችሁ ቁጥር አንብቡ።

የሚያስፈልገን

- ፍሬው የወጣ ተምር፦ 200 ግራም
- በደንብ የበሰለ ሙዝ፦ 2 መካከለኛ
- ጠፍጠፍ ያለው አጃ (ኦትስ)፦ 200 ግራም፣ 2 ኩባያ ገደማ
- የጤፍ ዱቄት፦ ግማሽ ኩባያ
- የተላጠ የዱባ ፍሬ፦ ግማሽ ኩባያ፣ ታምሶ ደቀቅ ያለ
- የተፈጨ ተልባ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር
- የተጣራ የሱፍ ዘይት፦ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ከፈለጋችሁ ትንሽ ኮረሪማ፣ ቁንጥር ጨው

ስኳር አልጨመርንም፤ ጣፋጩ ከተምሩና ከሙዙ ይመጣል። የእንቁላሉን ሥራ የሚሠራው ተልባው ነው። ውሃ ሲነካው የሚዝለገለገው ነገር ሊጡን አያይዞ ይይዘዋል። የለውዝን ቦታ ደግሞ የዱባ ፍሬው ይሸፍናል፤ ፕሮቲንና ጥሩ ቅባት አለው።

አሠራሩ

1. ተምሩን በሙቅ ውሃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ተልባውን ከውሃው ጋር አዋህዳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት።
2. ተምሩን ከውሃው አውጥታችሁ ከሙዙ ጋር ፍጩት። ብሌንደር ከሌለ በሹካ መዳመጥ ይበቃል። በጣም ከጠጠረ ከተዘፈዘፈበት ውሃ አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩ።
3. ተልባውንና ዘይቱን ጨምሩበት፣ ከዚያ ደረቁን ነገር ሁሉ አስገብታችሁ አማስሉ። እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ የማይፈስ ሊጥ መሆን አለበት።
4. 20 በ20 ሴንቲሜትር በሆነ ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋችሁ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ካልተጠቀጠቀ ሲቆረጥ ይፈረፈራል።
5. በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ጋግሩት። ዳር ዳሩ ቡናማ ሲሆን ደርሷል። ኦቨን ከሌላችሁ ወፍራም መጥበሻ ላይ በጣም በቀዘቀዘ እሳት ከድናችሁ፣ ግማሽ ላይ ገልብጣችሁ ማብሰል ትችላላችሁ።
6. ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጡት። 16 ቁራጭ ይወጣዋል። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል።

አለርጂው በየት በኩል ይገባል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ከላይ ያለው ዝርዝር ንጹሕ ነው፤ ኩሽናው ግን ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

- የዱባ ፍሬውን ከቆሎ ሻጭ አትግዙ። ቆሎው ከለውዝ ጋር ይደባለቃል፣ መስፈሪያውም አንድ ነው። ቤታችሁ ከበላችሁት ዱባ ራሳችሁ አድርቁት፣ ወይም የታሸገ ግዙና ጽሑፉን አንብቡ።
- ወፍጮ ቤት ከእናንተ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ የስንዴው ዱቄት ከጤፋችሁ ጋር ይወጣል። ጤፍ በራሱ ግሉተን የለውም። ቀድሞ ጤፍ ከተፈጨ በኋላ አስፈጩ፣ ባለወፍጮውንም ስለ ልጃችሁ ንገሩት።
- አጃ በማሳም በመጋዘንም ከስንዴና ከገብስ ጋር ይቀላቀላል። ሴሊያክ ወይም የስንዴ አለርጂ ላለበት ሰው «ግሉተን የሌለው» የሚል የታሸገ አጃ ካልተገኘ አጃውን ትታችሁ በጤፍ ዱቄት ተኩት። ባሩ ጠንከር ያለ ኬክ ይመስላል፣ ግን ይበላል።
- መጭመቂያ ቤት የተጨመቀ ዘይት ላይ ተጠንቀቁ። ኑግ፣ ሰሊጥና ለውዝ በአንድ ማሽን ሊያልፉ ይችላሉ። ያልተጣራ ዘይት ደግሞ የፍሬውን ፕሮቲን ይዞ ይቀራል።
- ለውዝ የተቆላበት ምጣድ፣ ሰሊጥ የተወቀጠበት ሙቀጫ፣ የብሌንደር ጎማ፦ እነዚህን ጠረግ ማድረግ አይበቃም፣ በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ፤ ሳኒታይዘር ፕሮቲኑን አያነሳውም። ማብሰልም አያጠፋውም፤ የተቆላ ለውዝ እንደውም ይበልጥ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ይህም ባር ለሁሉም አይሆንም

ለላቴክስ (ለላስቲክ ጓንት) አለርጂ ያለበት ሰው ሙዝና አቮካዶም ሊያስቆጡት ይችላሉ። ለሱ ሙዙን በተቀቀለ ፖም ወይም ዱባ ተኩለት። ተልባም ሆነ የዱባ ፍሬ አልፎ አልፎ አለርጂ ያመጣሉ፤ ልጁ ቀምሷቸው የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ በቀን፣ በትንሹ አስቀምሱት እንጂ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ አትቋጥሩ። ደማቅ ብርቱካናማ የሆነ የደረቀ አፕሪኮት መጨመር የምትወዱ፣ ቀለሙን የሚጠብቀው ሰልፋይት አስም ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስም ላለበት ሰው ተዉት። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በምንም መልኩ አትጨምሩ፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ለትንንሽ ልጆች ፍሬው በደንብ ይድቀቅ፣ ያንቃል።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ «ስኳር አልተጨመረበትም» ሲባል ስኳር የለውም ማለት አይደለም። ተምር ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ከ16ቱ አንዱ ቁራጭ ወደ 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር ይዟል። አንድ ቁራጭ መክሰስ ነው፣ ሦስት ቁራጭ ግን ሌላ ነገር ነው።

እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ

ምግብ ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ካፏጨ፣ ሰውነት በሽፍታ ተሸፍኖ ማስታወክ ከተደጋገመ፣ ወይም ልጁ ከዛለና ራሱን ከሳተ፣ አናፊላክሲስ የሚባለው አደገኛ አለርጂ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በጭን የውጭ በኩል ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ሐኪም የሰጣችሁ መርፌ ቤት ካለ ወዲያው ውጉ፤ መርፌው ኖረም አልኖረም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሩጡ። ተጎጂው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ እንጂ አታስቁሙት፣ አታስኪዱት። ሲትሪዚን እና መሰሎቹ ማሳከክ ይቀንሳሉ፣ የተዘጋ መተንፈሻ ግን አይከፍቱም። ወተት ማጠጣትም ሆነ ማስታወክ አይጠቅምም፣ ጊዜ ይገድላል።

ያለ ምክንያት አትከልክሉ

ይህን ሁሉ አንብባችሁ ጤነኛ ልጃችሁን ለውዝ እንዳትነፍጉት። በእንግሊዝ ሀገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። 5 ዓመት ሲሞላቸው፣ ለውዝ ከተከለከሉት 17 በመቶ ገደማ አለርጂ ሲይዛቸው፣ ከጨቅላነታቸው ጀምረው ከበሉት የያዛቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከባድ ኤክዜማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን ካላችሁ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ስትጀምሩም ለስላሳ የለውዝ ቅቤ በገንፎ ወይም በውሃ አቅጥናችሁ እንጂ ፍሬውን እንዳለ አትስጡ።

ወተትና እንቁላል በእርግጥ የተከለከለ ልጅ ደግሞ ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ቢ12 ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት። ይህ ባር መክሰስ ነው፣ ያንን አይተካም። ዕድገቱን እያስመዘናችሁ ክትትል አድርጉለት።

ስለዚህ ከእንግዲህ ምግብ ሲቀርብላችሁ «የጾም ነው?» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። «ምን ገባበት? በምንስ ተሠራ?» ብላችሁ ጨምሩበት። ዘመድ ቤት፣ ድግስ ላይ፣ ትምህርት ቤትም ጠይቁ፤ ይሉኝታ ልጅ አያድንም።

አለርጂ ያለበት ልጅ ላለው ቤተሰብ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!