ከጉም ውሃን ስለ ማግኘት፣ ከጣራም ውሃን ስለ ማቈየት

በነሐሴ ማለዳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ዝናብ ሳይዘንብበት ጋቢው ይርሳል። ጉም እጅግ ደቃቅ በሆኑ የውሃ ጠብታዎች የተሞላ አየር ነውና።

ይህን ውሃ መሰብሰብ ይቻላል። በኮረብታ ላይ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የፕላስቲክ መረብ ይወጠራል፤ ነፋስ ጉሙን ሲያሳልፈው ጠብታዎቹ በክሩ ላይ ይያዛሉ፤ ተጠራቅመውም በአሸንዳ ወደ ጋን ይወርዳሉ። በቺሊ አገር፣ ዝናብ እምብዛም በማይጥልበት ጠረፍ የምትገኘው የዓሣ አጥማጆች መንደር ቹንጉንጎ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚህ ዘዴ በቀን በአማካይ ከ10,000 ሊትር በላይ ታገኝ ነበር። ኋላ ግን መረቡን የሚጠግን በመጥፋቱ ሥራው ተቋረጠ። በአገራችንም በ2007 ዓ.ም. በዶርዜ ከቀርከሃና ከመረብ የተሠራ፣ «ዋርካ ውሃ» የተባለ ማማ ለሙከራ ቆሞ ነበር።

ታዲያ ይህ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ይበጃልን? በእኛ ዘንድ ጉሙ በብዛት የሚመጣው ከዝናቡ ጋር ነው። ምንጭ በሚነጥፍበት፣ ልጃገረዶች ከትምህርታቸው ቀርተው ውሃ ፍለጋ በሚርቁበት፣ ከብት የረገጠውን ኩሬ የጠጡ ሕፃናት በተቅማጥ በሚደክሙበት በመጋቢት ግን ሰማዩ ደረቅ ነው። ስለዚህ ከጉም አጥማጆቹ የምንማረው ውሃን መሬት ሳይነካ መያዝን ነው፤ ለእኛ መረባችን የቆርቆሮ ጣራችን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ጣራ ከ100 ሚሊሜትር ዝናብ 4,000 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን 3,200 ይቀራል። የሐምሌ ዝናብ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለመጠጥና ለወጥ በቀን 25 ሊትር ቢያወጣ፣ 3,000 ሊትር ለ120 ቀን ይበቃዋል። ይህን የሚያህል ማጠራቀሚያ ለአንድ ቤት ቢከብድ፣ ጎረቤታሞች ተባብረው ይሥሩት፤ ትምህርት ቤቶችም አርአያ ይሁኑ።

ንጽሕናው ግን ይጠበቅ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋ። ማጠራቀሚያው ትንኝ እንዳይራባበት ይከደን፤ ውሃው በቧንቧ እንጂ በጣሳ እየተጠለቀ አይቀዳ፤ የሚጠጣውም ይፈላ።

አሸንዳውን በግንቦት እንጠግን፤ የቹንጉንጎ መረብ የወደቀው ጉም ጠፍቶ ሳይሆን ጠጋኝ ጠፍቶ ነውና።