በስክሪን ላይ የሚዞረው ሞለኪውል ከየት መጣ?



ልጃችሁ በስልክ ላይ ቀይና ነጭ ኳሶችን በጣቱ ሲያሽከረክር ብታዩት፣ ጨዋታ ነው ብላችሁ ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት ኳሶቹ ምን እንደሆኑ ጠይቁት። ምናልባት የውሃን ሞለኪውል እያጠና ይሆናል።

እንደሚታወቀው መጽሐፍ ሞለኪውልን የሚያሳየን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ነው። ሜቴን እንደ መስቀል ስለሚሳል ብዙ ተማሪ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ይመስለዋል። ትክክለኛው ግን 109.5 ነው። ሞዴሉን አዙሮ ያየ ተማሪ ይህን በፈተና አይስተውም።

ለመሆኑ ሞዴሉ ከየት ይመጣል? ከቁጥር ነው። የኬሚስትሪ ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም አቶሞቹን በግምት ያስቀምጥና የሞለኪውሉን ኢነርጂ በኳንተም መካኒክስ ሕግ ያሰላል። ከዚያም አቶሞቹን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ ኢነርጂው ዝቅ የሚልበትን ቦታ ይፈልጋል። ጆን ፖፕል ለዚህ ዓይነት ስሌት ዘዴ በማበጀታቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ከዋልተር ኮን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ውጤቱ በተራ የጽሑፍ ፋይል ሊቀመጥ ይችላል። በመጀመሪያው መስመር የአቶሞቹ ብዛት፣ በሁለተኛው ማስታወሻ፣ ከዚያ በታች እያንዳንዱ አቶም ከነሦስት ቁጥሩ ይሰፍራል። በፋይሉ ውስጥ አቶሞቹ በኬሚካዊ ምልክታቸው ይጻፋሉ፤ እኛ ግን በስማቸው እንጻፋቸው፦

3
ውሃ
ኦክስጅን 0.000 0.000 0.000
ሀይድሮጂን 0.757 0.587 0.000
ሀይድሮጂን -0.757 0.587 0.000

መለኪያው አንግስትሮም ይባላል፤ ይኸውም ሜትር ለ10 ቢሊዮን ሲካፈል ነው። አሁን እርሳስ አንሡ። የ0.757ን እና የ0.587ን ስኩዌር ደምራችሁ ስኩዌር ሩቱን ብታወጡ 0.958 ታገኛላችሁ። ይህ በኦክስጅንና በሀይድሮጂን መካከል ያለው ርቀት ነው። በክፍል የተማራችሁት የፓይታጎረስ ሕግ እዚህም ይሠራል ማለት ነው!

በድረ ገጹ ውስጥ ያለው ማሳያ ፕሮግራም እነዚህን ቁጥሮች አንብቦ ኳሶቹን ይስላል፤ ጣታችሁ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ቦታቸውን እንደገና አስልቶ ይስላቸዋል። ቀደም ሲል ጄሞል የተባለው ማሳያ በጃቫ ይሠራ ነበር። የድረ ገጽ ማሰሻዎች ጃቫን መቀበል ሲያቆሙ (ክሮም ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው) ጄኤስሞል የተባለው በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ዘሩ ተተካ። የሞለኪውሉ ቁጥሮች በገጹ ውስጥ ከተጻፉና የማሳያው ፋይሎች አብረው ከተገለበጡ ያለ ኢንተርኔትም ሊሠራ ይችላል። ለእኛ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከላይ ባለው ፋይል ውስጥ ስለ ቦንድ የተጻፈ ነገር የለም። በኳሶቹ መካከል የምታዩትን ዘንግ የሚስለው ማሳያው ራሱ ነው፤ ሁለት አቶሞች ከተቀራረቡ ያገናኛቸዋል። ስለዚህ በገበታ ጨው ውስጥ በሶዲየምና በክሎሪን መካከል ዘንግ ብታዩ ኤሌክትሮን በጋራ ይዘዋል ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ ጨው አዮናዊ ነው። ቀለሙም ልማድ ነው እንጂ ኦክስጅን ቀይ ሆኖ አይደለም።

ስልክም ኮምፒውተርም የሌላችሁ ጭቃና እንጨት ይበቃችኋል። አንድ አንግስትሮምን 10 ሴንቲሜትር አድርጉ። ከኦክስጅኑ ኳስ መሐል እስከ ሀይድሮጂኖቹ መሐል 9.6 ሴንቲሜትር፣ ማዕዘኑ 104.5 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ በሁለቱ ሀይድሮጂኖች መሐል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ፤ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ካልሆነ ማዕዘኑን አስተካክሉ።